ከቤተ ሙከራ እስከ ጀጎል፦ ሳይንስን ለሕዝብ የማስረዳት ወጪ የማን ነው?

እስቲ ለአንድ አፍታ በሐረር ጀጎል ጠባብ መንገዶች አልፈን ወደ አንድ ቤት በሐሳብ እንግባ። በዚህ ቤት የጥቂት ወራት ዕድሜ ያለው ሕፃን ዛሬ ማለዳ ሕይወቱ አልፏል። ጎረቤት ተሰብስቧል። የአፎቻ አባላት እየመጡ ነው። ሃይማኖቱ እንደሚያዘውም ቀብሩ ሳይውል ሳያድር መፈጸም አለበት። በዚህ መካከል አንዲት የጤና ባለሙያ ትመጣለች። ቤተሰቡን ካጽናናች በኋላ ሕፃኑ በምን ምክንያት እንደሞተ ለማወቅ ከአስከሬኑ በቀጭን መርፌ ናሙና እንዲወሰድ የወላጆቹን ፈቃድ በትሕትና ትጠይቃለች።

ወላጆቹ ምን ይመልሱ ይሆን? መልሳቸውን የሚወስነው ባለሙያዋ በዚያች ሰዓት የምትናገረው ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራትና ዓመታት ስለ ምርምሩ የሰሙት፣ የጠየቁትና የተመለሰላቸው ነገር ሁሉ በመልሳቸው ውስጥ አለ። በሐዘን ቀን ስለ ሕዋስና ስለ ዲ.ኤን.ኤ. ትምህርት መስጠት አይቻልም፤ ተገቢም አይደለም። ማስረዳቱ ቀድሞ መሠራት አለበት። ቀድሞ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ሰው፣ ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል።

ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል? በምርምር በጀት ውስጥስ ቦታው የቱ ጋ ነው? በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው። አቋማችንን ከወዲሁ ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ በሞለኪዩላዊ ሥነ ሕይወት መስክ ሳይንስን ለሕዝብ ማስረዳት ከሌላው ወጪ በተረፈ ገንዘብ የሚሠራ ተጨማሪ ጉዳይ ሊሆን አይገባም ብለን እናምናለን። ኬሚካሎችና መሣሪያዎች በጀት እንደሚያዝላቸው ሁሉ፣ ለዚህም ሥራ ከመጀመሪያው ሊያዝለት ይገባል። ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። ሐረር ራሷ ሕያው ምሳሌ አላት።

በጀጎል ግንብ ዙሪያ የተካሄደው ምርምር

ጥንታዊቷ የሐረር ከተማ በግንቧና በአምስት ታሪካዊ በሮቿ የታወቀች ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከግንቡ ውጭ በተስፋፋው አዲሱ ከተማ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በምሥራቅ ሐረርጌ ከርሳ ወረዳ፣ ቆይቶም በሐረር ከተማ፣ የሥነ ሕዝብና የጤና ቅኝት ጣቢያዎችን አቋቁሟል። በእነዚህ ጣቢያዎች ልደት፣ ሞትና ፍልሰት በየቤቱ እየተዞረ ይመዘገባል።

ይሁን እንጂ ስንት ሕፃናት እንደሞቱ መመዝገብ በምን እንደሞቱ ማወቅ ማለት አይደለም። ብዙ ሕፃናት የሚሞቱት በቤታቸው ነው። የሞቱን ምክንያት ለመገመት የኖረው ዘዴ ቤተሰቡን ስለ ምልክቶቹ መጠየቅ ነው። «ትኩሳት ነበረው፣ ያስለው ነበር፣ ጡት መጥባት አቁሞ ነበር» ከሚል መልስ በመነሣት የትኛው ተህዋሲያን እንደገደለው በእርግጠኝነት መናገር ግን አስቸጋሪ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ቻምፕስ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የሕፃናት ጤናና የሞት መከላከል ቅኝት መረብ እ.ኤ.አ. በ2015 ተመሠረተ። ገንዘቡ የተገኘው ከቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን ሲሆን፣ ማስተባበሪያው በአሜሪካ የሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ነው። መረቡ ባንግላዴሽን፣ ኬንያን፣ ማሊን፣ ሞዛምቢክን፣ ሴራሊዮንንና ደቡብ አፍሪካን ያካተተ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሥራውን የያዙት ሐረማያ ዩኒቨርሲቲና የለንደን የሃይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ናቸው። በከርሳና በሐረር እ.ኤ.አ. በ2019 ሞተው የተወለዱና ከአምስት ዓመት በታች ሳሉ የሞቱ ሕፃናትን መመዝገብና ናሙና መውሰድ ተጀመረ።

ዘዴው አካልን ሳይከፍቱ በመርፌ ናሙና መውሰድ ነው። ከሳንባ፣ ከጉበትና ከአንጎል ቅንጣት ሕብረ ሕዋስ፣ እንዲሁም ደምና የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ይወሰዳል። በአፍንጫና በጉሮሮ ያለውም በጥጥ ተጠርጎ ይመረመራል። ናሙናው ከመበላሸቱ በፊት፣ በተለምዶ በ24 ሰዓት ውስጥ መወሰድ ይኖርበታል። እዚህ ላይ ሁለት ሰዓቶች ሲሽቀዳደሙ እናያለን፤ አንደኛው የቀብር ሰዓት፣ ሁለተኛው የናሙናው ሰዓት። ለረዥም ማብራሪያ የሚሆን ጊዜ በመካከላቸው የለም።

ቅንጣቷን የማባዛት ጥበብ

ከዚያች ቅንጣት ናሙና ውስጥ ገዳዩን ተህዋሲያን ለይቶ ማውጣት የሚቻለው እንዴት ነው? አንዱና ዋናው መሣሪያ ፒ.ሲ.አር. ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ይህ ስም ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በየቡና ጠረጴዛው ተነግሯል። አሠራሩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

እንደሚታወቀው ዲ.ኤን.ኤ. እንደ መሰላል ቅርጽ ያለው ሁለት ዘንግ ነው። ናሙናው ሲሞቅ ሁለቱ ዘንጎች ይለያያሉ። ሲቀዘቅዝ፣ የምንፈልገውን ተህዋሲያን ብቻ እንዲለዩ ተደርገው የተሠሩ አጫጭር የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጮች ከተለያዩት ዘንጎች ጋር ይገጥማሉ። ቀጥሎ ኢንዛይሙ ከእነዚህ ቁራጮች እየተነሣ የጎደለውን ዘንግ ይሞላል። በዚህ አኳኋን አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። ይህ ዑደት 30 ጊዜ ቢደጋገም፣ ሁሉም ነገር በተሟላ ሁኔታ ከሄደ፣ ከአንድ ቅጂ 1,073,741,824 ቅጂዎች ይገኛሉ። በሙቀቱ የማይበላሸው ኢንዛይም የተገኘው በአሜሪካ የሎውስቶን ፍል ውኃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። የፒ.ሲ.አር. ፈልሳፊ ካሪ ሙሊስም እ.ኤ.አ. በ1993 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

በቻምፕስ የተሠራበት ዘዴ ከዚህ አንድ እርምጃ ይራመዳል። 384 ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት ካርድ ላይ ብዙ የፒ.ሲ.አር. ምርመራዎች በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ። በዚህም ከመቶ በላይ ተህዋሲያን ሊፈለጉ ይችላሉ። ነገር ግን የተህዋሲያኑ ዲ.ኤን.ኤ. መገኘት ብቻውን ተህዋሲያኑ ገዳይ ነው አያሰኝም። በጤነኛ ሕፃን አፍንጫ ውስጥም ብዙ ባክቴሪያ ይኖራልና። ስለሆነም የሕክምና ባለሙያዎች ቡድን ተሰብስቦ የሞለኪዩል ምርመራውን፣ በማይክሮስኮፕ የታየውን ሕብረ ሕዋስ፣ የሕክምና ማኅደሩንና የቤተሰቡን ቃል አንድ ላይ መዝኖ የሞቱን ምክንያት ይወስናል።

ከምሥራቅ ሐረርጌ የተገኙት ውጤቶች የምጥ ጊዜ መታፈንን፣ ኢንፌክሽንን፣ የምግብ እጥረትንና በተለይም የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር አፈጣጠር ጉድለቶችን አጉልተው አሳይተዋል። የመጨረሻው ምክንያት ፎሌት ከሚባለው ቫይታሚን እጥረት ጋር ግንኙነት ያለው በመሆኑ እናቶች ከእርግዝና በፊት ይህን ቫይታሚን በበቂ መጠን በማግኘት አብዛኛውን ጉዳት መከላከል ይቻላል። እንግዲህ በአንድ ቤተሰብ ሐዘን ውስጥ የተገኘ ዕውቀት የሌላውን ቤተሰብ ሐዘን ሊያስቀር ይችላል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ግን በአንድ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ወላጆች «እሺ» በሚሉት ቃል ላይ።

ከናሙናው በፊት የሚቀድመው ሥራ

ከቻምፕስ አደረጃጀት ውስጥ ለርእሳችን ትልቅ ትርጉም ያለው፣ የማኅበራዊና የባሕርይ ሳይንስ ክፍሉና ከሕዝቡ ጋር የሚደረገው ምክክር ከቤተ ሙከራው ጎን ቆመው በፕሮግራሙ ውስጥ የታቀዱ መሆናቸው ነው። በየአገሩ ሥራው ሲጀመር የአካባቢው ነዋሪዎች ስለ ሕፃናት ሞት፣ ስለ ቀብር ሥርዓትና ስለ ምርምር ያላቸውን አመለካከት የሚገልጹባቸው የውይይት መድረኮች ተካሂደዋል። ተመራማሪዎቹ እዚያ የሄዱት በመጀመሪያ ለመስማት ነበር።

በመረቡ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ከተሰሙት ሥጋቶች መካከል የቀብር መዘግየት፣ የአስከሬኑ መጎዳትና የአካል ክፍል ይወሰዳል የሚለው ወሬ ይገኙበታል። እነዚህን ሥጋቶች «አላዋቂነት» ብሎ ማለፍ ለሳይንሱም ለሕዝቡም አይበጅም። ልጁን ያጣ ወላጅ ስለ ልጁ አካል መጠየቁ ፍጹም ተገቢ ነው። የሚያስፈልገው እውነተኛ መልስ ነው። የሚቀረው የመርፌ ምልክት ብቻ መሆኑ፣ አስከሬኑ ታጥቦ ለመገነዝ የሚያግድ ነገር አለመኖሩና ናሙናው ለምን እንደሚውል በግልጽ መነገር አለበት።

እዚህ ላይ ከራሳችን ቋንቋ የሚመነጭ አንድ ችግር ብንጠቅስ መልካም ነው። በአማርኛ «ምርመራ» እና «ምርምር» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ደሙን ለምርመራ የሚሰጥ ሕመምተኛ መድኃኒት ይጠብቃል። ደሙን ለምርምር የሚሰጥ ሰው ግን ለራሱ ምንም ላያገኝ ይችላል፤ የሚገኘው ዕውቀት ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሰው የሚጠቅም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ቃላት በጆሮ ሲቀራረቡ ትርጉማቸውም በአእምሮ ይቀላቀላል። ልዩነቱን በአማርኛ ማስረዳት ይህን ያህል ካስቸገረ፣ በሐረር ደግሞ ያንኑ ነገር በሐረሪ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛም ማስረዳት ይጠይቃል። ትርጉሙ በመዝገበ ቃላት ብቻ አይገኝም። ከአረጋውያን፣ ከእናቶችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ቁጭ ብሎ፣ «ይህን በእናንተ ቋንቋ እንዴት ትሉታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ሒሳቡን እናስላ። አስተርጓሚ ደመወዝ ይፈልጋል። ወደ ከርሳ ገጠር ቀበሌዎች መኪናና ነዳጅ ያስፈልጋል። ከሥራቸው ተነሥተው ለሚመጡ ነዋሪዎች የትራንስፖርትና የሻይ ቡና ወጪ አለ። የሬዲዮ ሰዓት፣ የሥዕላዊ ጽሑፍ ኅትመትና የአወያዮች ሥልጠና አለ። ከሁሉም በላይ ውጤቱን ወደ ቤተሰቡ ይዞ የሚመለስ ባለሙያ ያስፈልጋል። በቻምፕስ አሠራር የሞቱ ምክንያት ከታወቀ በኋላ ለወላጆች ይነገራል። ይህም ከፍተኛ ርኅራኄ የሚጠይቅ የማስረዳት ሥራ ነው። ከእነዚህ አንዱም ያለ ገንዘብ የሚሠራ አይደለም።

ከወላይታ የተገኘ ትምህርት

ማስረዳት የምርምሩ አካል መሆኑን የሚያሳየው ሌላው የአገራችን ምሳሌ ከወላይታ የመጣ ነው። ፖዶኮኒዮሲስ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለረዥም ጊዜ በመሄድ የሚመጣ የእግር ዕብጠት ነው። በአንድ መንደር ውስጥ ሁሉም በባዶ እግሩ እየሄደ አንዳንዱ ብቻ የሚታመመው ለምንድን ነው? በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ተደጋግሞ መታየቱ ዘረ መል እጅ እንዳለበት ጠቋሚ ነበር።

ተመራማሪዎቹ ናሙና ከመሰብሰባቸው በፊት የሕዝቡን አስተያየት አጠኑ። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም አንድ ከባድ ሥጋት ይፋ ሆነ። በበሽታው የተጠቁ ቤተሰቦች በጋብቻና በማኅበራዊ ኑሮ መገለል ይደርስባቸው ስለነበር፣ «በሽታው በዘር ነው» የሚለው ዜና መገለሉን እንዳያብሰው ተሰግቷል። ስለሆነም መረጃው የሚነገርበትን መንገድ፣ የሚናገረውን ሰውና የፈቃድ አጠያየቁን ከአካባቢው ሁኔታ ጋር ማስማማት አስፈለገ። ዘረ መል ተጋላጭነትን ቢጨምርም ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ በሽታውን እንደሚከላከል አያይዞ መናገር የግድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የተባለው የታወቀ መጽሔት የጥናቱን ውጤት አወጣ። ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንና 203 ጤነኛ ሰዎች የተሳተፉበት ይህ ጥናት በሽታው የሰውነት መከላከያ ሥርዓትን ከሚመለከት የዘረ መል ክፍል ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳየ። ጥናቱን ያነበበ ሰው የሚያየው የዘረ መሉን ሠንጠረዥ ነው። ከሠንጠረዡ በስተጀርባ ግን ቀድሞ የተደረገ፣ ገንዘብና ጊዜ የወጣበት ውይይት አለ።

ከመቶ ስንት?

እንግዲህ ምን ያህል ገንዘብ ይመደብ? በዚህ ረገድ በዓለም ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ምሳሌ የሰው ልጅ ጂኖም ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲጀመር፣ በአሜሪካ ከየዓመቱ በጀት ከ3 እስከ 5 በመቶው ሥራው ለሚያስነሣቸው የሥነ ምግባር፣ የሕግና የማኅበራዊ ጥያቄዎች ጥናትና ለሕዝብ ትምህርት እንዲውል ተደረገ። ሐሳቡን ያራመደው የዲ.ኤን.ኤ.ን መዋቅር ካገኙት አንዱ የሆነው ጄምስ ዋትሰን ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንም እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ገንዘብ ጠያቂ ተመራማሪዎች ሥራቸው ለኅብረተሰቡ የሚሰጠውን ሰፊ ጥቅም በማመልከቻቸው ውስጥ እንዲያብራሩ ያደርጋል።

ለምሳሌ ያህል የ2 ሚሊዮን ብር የምርምር ማመልከቻ እናስብ። 4 በመቶው 80,000 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ሁሉንም ማድረግ አይቻልም። ነገር ግን መስመሩ በበጀቱ ላይ ተጽፎ ከተቀመጠ አንድ ነገር ይለወጣል። ተመራማሪው «ገንዘብ ከተረፈ እናስረዳለን» ከማለት «ይህን ያህል ስላለን ምን እናስረዳ?» ወደ ማለት ይሸጋገራል። ገንዘብ ከምርምር ተርፎ የሚያውቅበት ጊዜ ደግሞ እጅግ ጥቂት መሆኑን በቤተ ሙከራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ለዚህ የውጭ አገር ምሳሌ ብቻ መፈለግ አይኖርብንም። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ታሪክ በቂ ነው። ተቋሙ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኦክላሆማ ኮሌጅ ድጋፍ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ሦስት ተግባራት ተሰጥተውት ነበር፤ ማስተማር፣ መመራመርና የተገኘውን ዕውቀት ለገበሬው ማድረስ። የአገሪቱ የእርሻ ኤክስቴንሽን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር እስኪዛወር ድረስ በዚህ ኮሌጅ ሥር ነበር። የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማለት ዕውቀትን ከምርምር ጣቢያ ወደ ማሳ፣ ከማሳም ጥያቄን ወደ ምርምር ጣቢያ የሚያመላልስ፣ ለዚሁ የሠለጠነና ለዚሁ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ ነው። ለስንዴና ለማሽላ ዘር ይህን ያህል ከታሰበ፣ ለዲ.ኤን.ኤ. ዕውቀት ተመሳሳይ ሠራተኛ የማይታሰብበት ምክንያት ምንድን ነው?

ዛሬም በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ሕግ መሠረት የማኅበረሰብ አገልግሎት ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር ከዩኒቨርሲቲዎች ተልእኮዎች አንዱ ነው። የሚቀረው ይህ ተልእኮ በእያንዳንዱ የምርምር ማመልከቻ ላይ የራሱ የበጀት መስመር እንዲኖረው ማድረግ ነው።

አፎቻ የሚያስተምረን

ወደ ጀጎል እንመለስ። የሐረሪ ሕዝብ አፎቻ የሚባል ጥንታዊ የመረዳጃ ማኅበር አለው። የወንዶችም የሴቶችም አፎቻ አለ። አባላቱ መዋጮ ያዋጣሉ፤ በሠርግም በሐዘንም ይተጋገዛሉ። በሌላው የአገራችን ክፍል እድር ከሚሠራው ጋር በብዙ ይመሳሰላል።

አፎቻ ለርእሳችን ሁለት ነገር ያስተምራል። የመጀመሪያው፣ መዋጮው የሚሰበሰበው ሐዘን ከመምጣቱ በፊት መሆኑ ነው። ሞት ደጃፍ ላይ ሲቆም ገንዘብ ፍለጋ የሚሮጥ አፎቻ የለም። የማስረዳት ሥራም እንዲሁ ነው፤ ችግሩ፣ ወሬው ወይም ወረርሽኙ ከመድረሱ በፊት የተቀመጠ ገንዘብና የተገነባ መተማመን ይፈልጋል። ሁለተኛው፣ ሰዎች በአፎቻ የሚተማመኑት የራሳቸው ስለሆነ ነው። መረጃ በእንግዳ ሰው ከሚነገር ይልቅ በሚታወቅ ሰው፣ በሚታወቅ ስብሰባ ላይ ቢነገር ጥያቄ ለመጠየቅ ይቀላል። ስለዚህ የማስረጃው ገንዘብ ሁሉ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በሚዘጋጅ ዐውደ ጥናት ከሚያልቅ፣ የተወሰነው እነዚህ ማኅበራት ራሳቸው በሚመሩት ውይይት ላይ ቢውል የተሻለ ነው።

ገንዘቡ ሲገኝ የሚመጣ ፈተና

ይሁን እንጂ ገንዘብ መመደብ ብቻውን መፍትሔ ነው ማለታችን አይደለም። ቢያንስ ሦስት አደጋዎች አሉ።

አንደኛው፣ ማስረዳት ወደ ማግባባት ሊለወጥ መቻሉ ነው። የማስረዳቱን ወጪ የሚከፍለው ናሙና የሚፈልገው ፕሮጀክት ራሱ ከሆነ፣ የሥራው ስኬት በተገኘው ናሙና ብዛት ይለካል የሚል ፈተና ይመጣል። በእኛ እምነት ትክክለኛው መለኪያ ሌላ ነው። በመግቢያችን ያነሣናቸው ወላጆች ምን እንደተጠየቁ በሚገባ ተረድተው «አይሆንም» ቢሉ፣ ማስረዳቱ ሥራውን ሠርቷል። ያልተረዱትን ነገር «እሺ» ካሉ ግን ወድቋል። ይህን ፈተና ለመቀነስ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ድርሻውን በኮሌጅ ደረጃ ወደሚቋቋም የጋራ ቋት ቢያስገባና የነዋሪዎች ተወካዮች በቋቱ አጠቃቀም ላይ ድምፅ ቢኖራቸው እንመርጣለን።

ሁለተኛው አደጋ የገንዘቡ ዕድሜ ነው። የለጋሽ ድርጅቶች ድጋፍ በዓመታት የተገደበ ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ተርጓሚውም፣ አወያዩም፣ የሬዲዮ ፕሮግራሙም አብረው ያልቃሉ። ሕዝቡ ግን እዚያው ነው፤ ጥያቄውም እዚያው ነው። መተማመን ለመገንባት ዓመታት ይፈጃል፤ ቀጣዩ ፕሮጀክት ሲመጣ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ስለሆነም ጥቂትም ቢሆን ቋሚ የሆነ ድርሻ ከዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት መምጣት አለበት። ትልቅ ሆኖ ከሚቋረጥ ገንዘብ ትንሽ ሆኖ የማይቋረጥ ይሻላል።

ሦስተኛው፣ መስመሩ ለይስሙላ ብቻ መሞላቱ ነው። አንድ ባነር አሠርቶ፣ አንድ ስብሰባ ጠርቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሪፖርት መጻፍ ይቻላል። ይህን የሚከላከለው አንድ ቀላል ደንብ ነው፤ ሪፖርቱ የተናገርነውን ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ የጠየቀውንና በጥያቄው ምክንያት በምርምሩ ላይ የተለወጠውን ነገር እንዲይዝ ማድረግ።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

ተማሪዎች የሆናችሁ አንባብያን «ይህ የበጀት ጉዳይ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ነገ ማመልከቻውን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ዛሬም ቢሆን በጣም በትንሽ ወጪ ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ።

አንድ የበሰለ ሙዝ በጥቂት ውኃ አላቁጡ። ሌላ ብርጭቆ ውስጥ ውኃ፣ አንድ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ቁንጥር ጨው ቀላቅላችሁ ከተላቆጠው ሙዝ ጋር በዝግታ አማስሉት። ሳሙናው የሕዋሱን ሽፋን ያፈርሳል፤ ጨው ደግሞ የዲ.ኤን.ኤ. ዘንጎች እንዲሰባሰቡ ይረዳል። በንጹሕ ጨርቅ ወይም በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልሉትና በብርጭቆው ጠርዝ በኩል በበረዶ የቀዘቀዘ የቁስል ማጽጃ አልኮል በዝግታ ጨምሩበት። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በሁለቱ ፈሳሾች መካከል ነጭ፣ ክር የሚመስል ነገር ይታያል። በዚያ ክር ውስጥ የሙዙ ዲ.ኤን.ኤ. ይገኛል። አልኮሉ ከእሳት መራቅ እንዳለበት፣ ከብርጭቆው ውስጥ ያለውም እንደማይጠጣ አትርሱ።

ይህን በሐረር በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ወይም በበዓል ዕረፍት በቤተሰባችሁ ፊት ብታሳዩ ወጪው ከአንድ የከተማ ታክሲ ኮንትራት አይበልጥም። ያየ ሰው «ናሙና ውስጥ ምን ይፈለጋል?» ለሚለው ጥያቄ በዓይኑ ያየው መልስ ይኖረዋል። አንዲት እናት «ታዲያ የእኔም እንዲህ ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ ያ ጥያቄ የምክክሩ መጀመሪያ ነው። የማታውቁትን ስትጠየቁም «ጠይቄ እመለሳለሁ» በሉ፤ ተመለሱም።

በመጨረሻም ጽሑፋችንን ወደጀመርንበት ቤት እንመልሰው። የጤና ባለሙያዋ አሁንም በሩ ላይ ናት። ቤት ውስጥ ካሉት የአፎቻ አባላት አንዷ ከሦስት ወር በፊት በተደረገ ውይይት ላይ ነበሩ እንበል። ስለ መርፌው፣ ስለ ቀብሩ ሰዓትና ስለ ናሙናው መጨረሻ ጠይቀው መልስ አግኝተዋል። እናቲቱ ቀና ብለው ሲያዩዋቸው የሚያውቁትን፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ በለሆሳስ ይነግሯቸዋል። ውሳኔው የወላጆቹ ነው፤ «እሺ» ሊሉም «አይሆንም» ሊሉም ይችላሉ። ሆኖም የሚወስኑት አውቀው ነው። ያ የሦስት ወር በፊቱ ውይይት የተካሄደው አንድ ሰው የምርምሩን በጀት ሲጽፍ፣ ከኬሚካሎቹ ዝርዝር በታች አንድ መስመር ስለጨመረ ነው።